ለድንቡሼ የሚሆን ፍራሽ

በዚያ ሰፈር ጋሽ ላስቲክ ብሎ ለጠየቀ ሰው ቤታቸውን የማያሳየው የለም። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። በእኚህ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ቤት ውስጥ ላስቲክ ያልለበሰ ነገር ቢኖር የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከነላስቲኩ ነው፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል፣ በሙቀት ቀን ደግሞ ተቀማጩን አልለቅም ብሎ ያስቸግራል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ በክር ስለታሰረ፣ ድምፅ ሊቀንስ የተነሣ ሰው ጣቢያ ቀይሮ ይቀመጣል። የግድግዳው ሰዓት እንኳ ላስቲክ ስለለበሰ ሰዓቱን ለማወቅ ወንበር ላይ መውጣት ያስፈልጋል።

ይህ ሲባል ግን ቆንቋና ናቸው ለማለት አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ዛሬ የተገጠመ አዲስ ወንበር በሳምንቱ ተቦጫጭቆ ስፖንጁ ሲወጣ እያዩ ነው የኖሩት። ከዚያ የተነሣ አዲስ ነገር ሁሉ ጠላት አለው ብለው ያምናሉ። አዲስ ነገር ካገኙ ይሸፍናሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃሉ። ቀኑ ግን አይመጣም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ፍራሽ ሊገዙ የወጡት። ልጅቷ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ጉንጯ ሁለት እፍኝ ስለሚሞላ ቤተሰቡ ድንቡሼ ይላታል። እናቷ፣ ከነባሏ እሳቸው ዘንድ የምትኖረው የጋሽ ላስቲክ ሴት ልጅ፣ እርጉዝ ናት፤ ወሯም እየገባ ነው። ድንቡሼ እስካሁን የምትተኛበት ባለፍርግርግ የሕፃን አልጋ ለሚወለደው ሕፃን ይፈለጋል። ለድንቡሼ አባቷ ደህና የእንጨት አልጋ አሠርቶ ለብቻዋ በተሰጣት ክፍል አቁሞላታል። ፍራሹን ግን ጋሽ ላስቲክ ማንም እንዳይነካብኝ ብለው በአያትነታቸው ይዘውታል። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ለመንገዱም ኮታቸውን ለብሰው ነበር የወጡት።

ፍራሽ ቤቱ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደራርቦ የሞላ ነው። ባለሱቁ ከታችኛው ድርድር ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ጋሽ ላስቲክ ዕቃ እንደሚያውቅ ሰው ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው አንዱን ፍራሽ በቡጢ ደለቁት፣ ሌላውን በክርናቸው ተጫኑት፤ በመጨረሻ ከሁሉም ሰፊውን፣ ወፍራሙንና ለስላሳውን መርጠው ተቀመጡበት። እስከ ወገባቸው ሰመጡ።

"ይኼ ነው ፍራሽ ማለት! አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ላስቲኩ እንዳይቀደድ" አሉ።

"ጋሼ! እንደምን አደሩ?" የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

ቀና ሲሉ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ወዲያው አወቋት። ከቦርሳዋ የማትበልጥ ተማሪ ሳለች በየማለዳው አውቶቡሳቸው ላይ የምትሳፈር፣ ከኋላቸው ካለው ወንበር ተቀምጣ ትምህርቷን ጮክ ብላ የምታጠና ልጅ ነበረች። አሁን በአቅራቢያው ባለው መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆናለች።

"እንደምን አደርሽ ልጄ! አንቺ ነሽ እንዴ? አድገሽ የለም ወይ! እንዳልነሣ ፍራሹ ይዞኛል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ በሞቴ! እኔ ቀን የሚተኙት ልጆች የፍራሽ ልብስ አልቆባቸው ልገዛ መጥቼ ነው። እርስዎስ? ቤት ውስጥ ሙሽራ አለ እንዴ? ይኼ እኮ ከባልና ሚስት ተርፎ ለእንግዳ ይሆናል።"

"ሙሽራዋ ይቻትልሽ" አሉ ድንቡሼን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

መምህርቷ ድንቡሼን አየች፤ ፍራሹን አየች፤ ከዚያ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

"ምን ያስቅሻል? ታድግበታለች! ልብስ ስንገዛ ሰፋ አድርገን፣ ጫማ ስንገዛ ሰፋ አድርገን። ፍራሽ በምን ይለያል?"

"ጫማ ቢሰፋ ጨርቅ ይጠቀጠቅበታል ጋሼ። ፍራሽ ከአልጋው ቢሰፋ ምን ይደረጋል? ጠርዙ ይታጠፋል፣ መሐሉ ይጎብጣል፣ ልጅቷ ወደ መሬት ትንከባለላለች። ቢጠብ ደግሞ በጎኑ ክፍተት ይተዋል፤ እጇ ወይ እግሯ ይገባበታል። አልጋውን ልክ መሙላት አለበት። አልጋው ስንት በስንት ነው?"

ጋሽ ላስቲክ በዚህ ጥያቄ አልተደናገጡም። ክንዳቸውን ዘረጉና በጣታቸው አየሩን ለኩት። "በስንዝሬ ለክቼ መጥቻለሁ፤ አምስት ተኩል ናት።"

"በማን ስንዝር?" አለ ባለሱቁ፣ የራሱን አጭር ጣቶች ከፍ አድርጎ እያሳየ።

ተሳቀ። ጋሽ ላስቲክ ራሳቸው ሳቁ። መምህርቷ "እዚያው ቤት ይደውሉና በሜትር ያስለኩት" ስትላቸው ስልካቸውን ከላስቲኩ አውጥተው ለአማቻቸው ደወሉ። አማችየው ለክቶ ነገራቸው፤ ልኩ ሲታይ ያ የተቀመጡበት ፍራሽ የአልጋውን እጥፍ ያህላል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው ቢሆን እጅ ይሰጥ ነበር። ጋሽ ላስቲክ ግን ለአርባ ዓመት መሪ የያዙ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ስለተሳሳቱ ብቻ መሪውን ለሌላ አይለቁም።

"እሺ፣ ልኩን ትክክል ብለሻል። ለስላሳነቱን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። የልጅ አጥንት ለጋ ነው። ለለጋ አጥንት ለስላሳ ነገር ነው የሚገባው።"

"እንዲያውም ለጋ ስለሆነ ነው ደገፍ የሚያደርገው ነገር የሚያስፈልገው። ጋሼ፣ ፍራሹን የሞከሩት እርስዎ ነዎት። የሚተኙበት ግን እርስዎ አይደሉም።"

"ወፍራም ነህ እያልሽኝ ነው?"

"እንዴት ብዬ! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ባዶ አውቶቡስና የሞላ አውቶቡስ ጉድጓድ ላይ እኩል ናቸው?"

ጋሽ ላስቲክን በዚህ ጥያቄ የሚቀድማቸው አልነበረም። የሞላው ይሰምጣል፣ ባዶው ይዘላል፤ ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ተሳፋሪው ነው የሚለየው። እሳቸው በቡጢ ደልቀው፣ በሙሉ ክብደታቸው ተቀምጠው ያገኙት መልስ ለድንቡሼ መልስ እንዳልሆነ ገባቸው። ገባኝ ለማለት ግን አፋቸው አልፈታ አለ።

"ልጅ ስለ ፍራሽ ምን ታውቃለች?" አሉ በምትኩ።

"ስለ ፍራሽ ምንም። ስለ ጀርባዋ ግን ከእኔም ከእርስዎም ይልቅ ታውቃለች። ጫማዋን ታውልቅና ትሞክረው።"

ድንቡሼ ሁለተኛ ጥሪ አላስፈለጋትም። ጫማዎቿ ወዲያና ወዲህ ተወረወሩ። መጀመሪያ በአያቷ ምርጫ ላይ ወጣች፤ በጀርባዋ ተጋደመችና ከዓይን ጠፋች። ወደ ጎን ልትዞር ሞከረች፣ አልቻለችም፤ እግሮቿ ብቻ ወደ ላይ ሲወራጩ ይታያሉ። "አባባ፣ ዋጠኝ!" እያለች በሳቅ ፈረሰች። ባለሱቁ ስቦ አወጣትና ቀጠን ያለ፣ ደልደል ያለ የስፖንጅ ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋላት። በዚህኛው ላይ ተንከባለለች፣ ተመልሳ ተንከባለለች፣ ያለ ማንም እርዳታ ተቀመጠች፤ ኋላም እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነችና የውሸት ማንኮራፋት ጀመረች።

"ተመልከቷት" አለች መምህርቷ በለሆሳስ። "ትከሻዋና ዳሌዋ ትንሽ ገባ ብሎ ወገቧ ቀጥ ብሏል። እንደ ልቧም ትገላበጣለች። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው የሚያድረው። በየቀኑ ሲተኙ ስለማያቸው ነው የምነግርዎት።"

ጋሽ ላስቲክ የልጅ ልጃቸውን አዩና ልባቸው ቅቤ ሆነ። "ይሁን እሺ፣ ይኼው ይሁን" አሉ። "ከነላስቲኩ ጠቅልልልኝ።"

"ላስቲኩስ እስከ ቤት ነው። እዚያ ሲደርሱ ያነሡታል አይደል?"

"ላነሣው?" አሉ ጋሽ ላስቲክ፣ ልብሳቸውን በአደባባይ እንዲያወልቁ የተጠየቁ ያህል ደንግጠው። "ልጄ፣ ይኼን እንኳ አልሰማሽም። ሕፃን ናት። ሌሊት ሽንት ቢያመልጣትስ? ስፖንጅ ከጠጣ ጠጣ ነው፤ ሽታውን ማን ያወጣዋል?"

"አያመልጠኝም!" አለች የተኛችው ድንቡሼ ዓይኗን ሳትገልጥ።

"እውነት አላቸው፣ ሊያጋጥም ይችላል። ለማንም ልጅ ያጋጥማል፣ ነውርም አይደለም" አለች መምህርቷ ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ አድርጋ። "ለዚህ እኮ ነው እኔ ራሴ የመጣሁት። ከላይ ጨርቅ፣ ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልብስ አለ። ከአንሶላው በታች ይለብሳል፤ ሲረጥብ ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ይኼ የፋብሪካ ላስቲክ ግን ፍራሹ መንገድ ላይ እንዳይቆሽሽ እንጂ ሰው እንዲተኛበት አልተሠራም። ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ጉንጭዎን ያሳርፉበት።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

ባለሱቁ ሻዩን አስቀመጠ። ጋሽ ላስቲክ ግራ ቀኝ አዩና፣ ማንም የሚያውቃቸው ሰው በመንገድ እንደማያልፍ አረጋግጠው፣ ጉንጫቸውን በላስቲኩ ላይ አሳረፉ። ትንሽ ቆዩ። ቀዝቃዛው ነገር መሞቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ ማላብ። ሊነሡ ሲሉ ቆዳቸው ተጣብቆ "ጥርርር" የሚል ድምፅ አሰማ። ድንቡሼ በሳቅ ከፍራሹ ወደቀች፤ ፍራሹ ዝቅ ያለ ስለነበር ምንም አልሆነችም።

"እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ያስቡት" አለች መምህርቷ። "ላብ ያጠምቃታል፣ አንሶላው ይንሸራተታል፣ በተገላበጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ነቅታ ታለቅሳለች። እናንተ ደግሞ አልጋውን ጠላችው ትላላችሁ። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ ይኼ ስስ ላስቲክ ተቀዶ ፊቷ ላይ ቢለጠፍ ትንፋሽ ይነሣታል። የፍራሹ ዕድሜ ይበልጣል ወይስ የልጅቷ እንቅልፍ?"

ጋሽ ላስቲክ ጉንጫቸውን አሻሹ። በመጨረሻ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማምለጥ ያህል አንድ ነገር ጣሉ፦ "ለጊዜው ችግር የለም። ፍራሹ ሕፃኑ እስኪወለድ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ያን ዕለት አውርደን እናነጥፈዋለን። ያኔ ስለ ላስቲኩ እናስብበታለን።"

"አልጋዬ ተሰብሯላ" አለች ድንቡሼ ለመምህርቷ እያስረዳች። "አናጢ ይወስደዋል። አባባ ነው የነገረኝ።"

መምህርቷ ወደ ጋሽ ላስቲክ ዞረች። ጋሽ ላስቲክ ወደ ጣሪያው አዩ። ባለሱቁ ነገሩ ስለገባው ድንቡሼን አንሥቶ ከድርድሩ ጫፍ ላይ ሰቀላትና "ከዚያ ላይ ምን ይታይሻል?" እያለ ያጫውታት ጀመር።

"እንዳታዝን ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ላስቲክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አልጋሽ ለሌላ ሊሰጥ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?"

"ይገባኛል ጋሼ። እኔ ግን ከፍራሹም ከላስቲኩም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ሕፃኑ በሚገባበት ቀን እሷ ከአልጋዋ ከወጣች፣ ማን ያስወጣት ይመስላታል? ተሰብሯል የተባለው አልጋ ድኖ ሌላ ልጅ ተኝቶበት ስታየውስ? እናቷም ወደ እሱ፣ አልጋዋም ወደ እሱ። እኛ ዘንድ እንዲህ ሆነው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ታናሽ ወንድምህ ደህና ነው ወይ ሲባሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። አሁን፣ ሕፃኑ ገና ሳይመጣ፣ ትልቅ ሆነሻል ተብላ በደስታ ብትወጣ ግን የተወሰደባት ነገር አይኖርም።"

ጋሽ ላስቲክ ከፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከእሳቸው በታች የተወለደ አንድ ወንድም አላቸው፤ እሳቸው ከእናታቸው ጎን ተነሥተው ወደ ማዶው ምንጣፍ የተዛወሩት እሱ በተወለደበት ማታ ነው። ዛሬ ሁለቱም ሽማግሌ ሆነዋል፤ ሆኖም እስካሁን ወንድማቸውን በቀልድ "ቀማኛው" እያሉ ነው የሚጠሩት። ቤተሰቡ በሙሉ ይስቅበታል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ያን ማታ ብቻቸውን በጨለማ ያለቀሱትን ልቅሶ ግን ለማንም ነግረው አያውቁም። ያ ልቅሶ በድንቡሼ ጉንጭ ላይ ሲወርድ ታያቸውና አንገፈገፋቸው።

"ትክክል ነሽ" አሉ። "ዛሬውኑ ይነጠፋል። እውነቱንም እነግራታለሁ። ግን እኔም አንዲት ነገር አለችኝ።"

"ይንገሩኝ ጋሼ።"

"አዲስ አልጋ፣ አዲስ ፍራሽ፣ አዲስ ክፍል ሲሆንባት ይበዛባታል። ብርድ ልብሷ ያው አሮጌው ይሁን። ጠረኑን ታውቀዋለች። እንቅልፍ የሚያመጣው እሱ ነው።"

መምህርቷ ፊቷ በራ። "ይኼንን እኔ አላሰብኩትም። አዲስ ይገዛላት ልል ነበር። እርስዎ ያሉት ይሻላል።" ጋሽ ላስቲክ ከዚያ በኋላ የፍራሽ ልብሱንም ገዝተው ቀና ብለው ነው ከሱቁ የወጡት።

ቤት ሲደርሱ መቀስ አስመጡ። ባለቤታቸው ከማድ ቤት እጃቸውን እያደራረቁ ሲወጡ፣ ባላቸው አዲስ ፍራሽ ላይ ተንበርክከው ላስቲክ ሲቀዱ አገኟቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ልጥራ እንዴ ሐኪም?"

"ዝም በይና ያንን ጫፍ ያዢልኝ" አሉ ጋሽ ላስቲክ።

ፍራሹ በአልጋው ውስጥ ልክ ገባ። የፍራሽ ልብሱ፣ አንሶላው፣ አሮጌው ብርድ ልብስ በተራ ተነጠፉ። ከዚያ ጋሽ ላስቲክ ድንቡሼን ከጎናቸው አስቀምጠው "አልጋሽ አልተሰበረም፤ ዋሽቼሻለሁ። አንቺ አድገሽ ነው ያነሰሽ" አሏት። "አሁን የራስሽ ንብረት ነው። ለማን እንስጠው?"

ድንቡሼ አሰበች። "ለድመቷ።"

እናቷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ጋሽ ላስቲክ በእጃቸው አስቆሟት። "እሺ፣ ለድመቷ" አሉ። ድመቷ ግን አልጋውን አልፈለገችውም። በማግስቱ ለአሻንጉሊቷ ተሰጠ። መጀመሪያ አካባቢ ድንቡሼ ማታ ማታ ብርድ ልብሷን እየጎተተች ወደ አያቶቿ ክፍል ብቅ ትል ነበር፤ አያቷ እጇን ይዘው ይመልሷትና ዓይኗ እስኪከደን ከአልጋዋ ጎን ይቀመጣሉ። ይኸው ሲደጋገም ቆይቶ መምጣቱን ተወችው። ጠዋት ስትነሣ አልጋዋን ራሷ ማንጠፍ ጀመረች፤ ትራሱ ሁልጊዜ በተሳሳተው ጫፍ ቢሆንም ማንም አላረማትም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አሻንጉሊቷን ከሕፃኑ አልጋ አንሥታ "ይኼ ለሕፃኑ ይሁን። ግን እኔ ነኝ የምሰጠው፣ እሺ?" አለች። እናቷ አቅፋ ሳመቻት። ጋሽ ላስቲክ ዳቦው በአፋቸው እንዳለ ተነሥተው አጨበጨቡ።

ሕፃኑ በሰላም ተወለደ፤ ወንድ ሆነ። እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ጋሽ ላስቲክ ስለ ሕፃኑ ክብደት ሲጠየቁ ስለ ፍራሽ ይመልሱ ነበር።

"በስንዝር አትለኩ፣ በሜትር ለኩ" ይላሉ። "ታድግበታለች ብላችሁ ሰፊ አትግዙ። በራሳችሁ ክብደት አትፍረዱ፤ የሚተኛበት ይሞክረው። ላስቲኩን አንሡ፣ የሚታጠብ ልብስ አልብሱት። ደልደል ባለው ላይ የተኛ ልጅ ወገቡ ይቀናል፣ ሳያልበው ተኝቶ ፈክቶ ይነሣል፤ የልጁ እንቅልፍ ሲረጋ የቤቱ ሁሉ ይረጋል። ከሁሉም በላይ ግን ሕፃኑ ሳይመጣ ቀድማችሁ አዛውሩት፤ እውነቱንም ንገሩት።"

"አይ ጋሽ ላስቲክ! ፍራሽ ፍራሽ ነው፣ ምን ይህን ያህል ያስተምራል?" አለች አንዲት ጨዋታ ወዳድ ጎረቤት። ከዚያ በአዋቂዎች የቆየ ልማድ ድንቡሼን በጣቷ እየነካካች ጀመረቻት። "አንቺስ? ተሻርሽ አይደል? አለቀልሽ እኮ! ከእንግዲህ የሚወደደው እሱ ነው። ይኸው አልጋሽንም ቀማሽ!"

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ላስቲክ አልሳቁም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው የልጅቷን ፊት ተመለከቱ።

ድንቡሼ ሴትዮዋን ትክ ብላ አየቻት። ወደ ሕፃኑ አልጋ ሄደች፤ በፍርግርጉ መሐል እጇን አስገብታ የወንድሟን እግር አሻሸች።

"አልቀማኝም" አለች። "እኔ ነኝ የሰጠሁት። እሱ ገና ስጪኝ ማለት እንኳ አይችልም።"

ጎረቤቲቱ አፏን ያዘች። ቀጥሎ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ፤ ሕፃኑ በዚያ ሁሉ ጫጫታ እንቅልፉን አላቋረጠም። ጋሽ ላስቲክ የልጅ ልጃቸውን ብድግ አድርገው ከትከሻቸው ላይ አስቀመጧት፤ በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።